ስለ ታገደ ተማሪ

አንድ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥፋት ባጠፋ ጊዜ የተወሰነበት ቅጣት ብዙውን ጊዜ በአንዲት ቅጠል ወረቀት ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ጥቂት ነው፤ ስም፥ የመታወቂያ ቍጥር፥ የትምህርት ክፍል፥ ከዚያም «ለአንድ ዓመት ታግዷል» የሚል። ሰሌዳውን ከብበው የሚያነቡት ተማሪዎች ስሙ የማን እንደ ሆነ አይተው ይበተናሉ። የቃሉ ማጠር ግን የነገሩን ክብደት አያሳይም። «ታግዷል» በምትለው በአንዲት ቃል ውስጥ ምን ያህል ነገር እንደ ታጨቀ ፈጽሞ የሚያውቁት ስሙ የሰፈረው ልጅና ወላጆቹ ናቸው፤ ፈራጆቹ ያውቁት እንደ ሆነ ግን ያጠራጥራል።

ይህን ነገር ለመመልከት አዳማ የተመቸች ከተማ ናት። በስምጥ ሸለቆው አፍ ላይ፥ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የተቀመጠች፥ ባቡሩም መኪናውም የሚያልፍባት የመንገደኛ ከተማ ስለ ሆነች ከሁሉ አገር የመጣ ሰው ይገኝባታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በገሊላ ባለችው በናዝሬት ስም ሰይመዋት ነበር፤ ኋላ ግን የቀድሞ ስሟ ተመልሶላታል፤ ሽማግሌዎቿና ነጋዴዎቿ ዛሬም ሁለቱን ስም እያፈራረቁ ይጠሯታል። በዚህች ከተማ በ1993 እ.ኤ.አ. የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁም እያደገ ሄዶ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በአሰላ የነበሩት ክፍሎቹ ተለይተው በ2014 እ.ኤ.አ. የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ በሻሸመኔም የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ። ስለዚህ ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ በሚዘረጋው መንገድ የሚሄድ አውቶቡስ ሁሉ ቢያንስ አንድ ተማሪ ሳይጭን አይቀርም። ከነዚህም ተሳፋሪዎች አንዳንዱ የሚጓዘው የዕረፍት ጊዜ ደርሶለት ሳይሆን ወረቀት ደርሶበት ነው።

የከፍተኛ ትምህርት ሕግ በአዋጅ ቍጥር 650/2001 ተደንግጎ ነበር፤ እርሱም በአዋጅ ቍጥር 1152/2011 ተተክቷል። አዋጁ ሥሩን ይተክላል፤ ቅርንጫፉን ግን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በሴኔቱ ሕግ ያወጣዋል። በዚህም ሕግ ቅጣቱ እንደ መሰላል በደረጃ የተሠራ ነው። በታች በኩል የቃል ተግሣጽና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ከዚያ በላይ ያበላሹትን ንብረት መክፈል፥ በፈተና የኮረጁ እንደ ሆነም የዚያን ትምህርት ውጤት ማጣት ይመጣል፤ ከዚያ በላይ ለመንፈቅ ወይም ለዓመት መታገድ፤ በመጨረሻው ላይ ፈጽሞ መባረር። ነገሩን የሚያየው የዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚባለው ጉባኤ ነው። መሰላሉ በወረቀት ላይ ሲታይ የተስተካከለ ይመስላል። ነገር ግን ከማስጠንቀቂያው ወደ ዕገዳው ያለው እርምጃ ከሌሎቹ እርምጃዎች ሁሉ እጅግ የሚሰፋ መሆኑን መሰላሉን የሠሩት ሰዎች ያስተዋሉት አይመስልም። ተማሪው ከሁለተኛው ደረጃ ወደ አራተኛው ሲወጣ እግሩ የሚያርፍበትን አያገኝም።

ቅጣት ከቶ አያስፈልግም የሚል ሰው ቢኖር በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አድሮ አያውቅም። በፈተና የሚኮርጅ የምሕንድስና ተማሪ ነገ የድልድይ ብረት ይቈጥራል፤ የሚኮርጅ የጤና ተማሪም ነገ ለሕፃን መድኃኒት ይለካል። የኩረጃው ልማድ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በመገኘቱ በተሰረዘ ጊዜ ታየ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በጥብቅ ቍጥጥር በተሰጠ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ በዩኒቨርሲቲ በር የሚገባው ልጅ ልማዱን በሻንጣው ይዞ የሚገባበት ጊዜ እንዳለ መካድ አይቻልም።

ከኩረጃም የሚከፋ አለ። አንድ ጎረምሳ የሴት ተማሪን መንገድ እየጠበቀ ቢያስፈራራትና ዩኒቨርሲቲው ነገሩን በዝምታ ቢያልፈው፥ ልጅቷ ማታ ማታ ወደ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ትተዋለች፤ ቀጥላ የምሽቱን ትምህርት ትተዋለች፤ በመጨረሻም ክፍሏን ዘግታ ትቀመጣለች። በዚህ ጊዜ ማንም ሳይፈርድ ዕገዳው በተበዳይዋ ላይ ተፈጸመ ማለት ነው። ዳግመኛም በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ከተገደሉ በኋላ ሁከቱ ወደ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በተዛመተ ጊዜ፥ እጅግ ብዙ ተማሪዎች ግቢያቸውን እየለቀቁ ወደ ቤታቸው እንደ ሸሹ የሚታወስ ነው። ድንጋይ የወረወረውን ለይቶ ያልቀጣ ዩኒቨርሲቲ ድንጋይ ያልወረወሩትን ሁሉ ይሰዳል። ስለዚህ የሚያከራክረው ነገር ይቀጣ ወይስ አይቀጣ የሚለው አይደለም። የሚያከራክረው ቅጣቱ ምን እንደሚነካና ከመወሰኑ በፊት ምን እንደሚቀድመው ነው።

በድሮው የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የተማሪ ቅጣት አለንጋ ነበረ። ትምህርቱን ያላጠና፥ ከጓደኛው የተጣላ፥ ከየኔታ ቤት የኮበለለ ልጅ ይገረፍ ነበር፤ ደጋግሞ የጠፋ እንደ ሆነም እግር ብረት ይገባለት ነበር። ይህ ደግ ነበረ የሚል አይኑር፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚደርስባቸው የአካል ቅጣት የጠበቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በዚያ በአሮጌው ሥርዓት ውስጥ ሳይስተዋል ያለፈ አንድ ነገር አለ። የቅኔ ተማሪ እንጀራ ከየኔታ እጅ የሚገኝ አልነበረም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል፤ የሚሰጡትም ባላገሮቹ ናቸው። የሚተኛባትንም ጎጆ ከጓደኞቹ ጋር ራሱ ይሠራታል። ስለዚህ ከመምህሩ ጋር ባይስማማ፥ ወይም ቅጣቱ ከልክ ያለፈ መስሎ ቢታየው፥ አኩፋዳውን አንሥቶ ከጎንጅ ወደ ዋሸራ፥ ከዋሸራም ወደ ዋድላ ይሄዳል፤ ሌላው የኔታም ይቀበሉታል። የኔታ ቍጣቸው ምንም ቢበረታ የመንደሩን ሴቶች ለዚህ ልጅ ቍራሽ አትስጡት ብለው አይከለክሏቸውም። የሚቀጣው እጅና የሚያበላው እጅ ልዩ ልዩ ነበሩ።

በዩኒቨርሲቲ ግን ሁለቱ እጆች አንድ ሆኑ። በ1950 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎቹን በአዳሪነት ይይዝ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት በተሞከረ ጊዜ የኮሌጁ ተማሪዎች ለሙከራው ድጋፋቸውን በሰልፍ አሳዩ፤ ሙከራው ከከሸፈ በኋላም በንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በኮሌጅ ቀን የሚነበቡት ግጥሞች የድኃውን ኑሮ እያነሡ መንግሥትን የሚነኩ ሆኑ፤ በግጥማቸውም ምክንያት የታገዱ ተማሪዎች ነበሩ። ጥቂት ቈይቶ የአዳሪነቱ ሥርዓት ቀረና ለተማሪው በወር በወር ገንዘብ ይሰጠው ጀመር። ምክንያቱ የቦታና የገንዘብ ማነስ ነው ያሉ ነበሩ፤ ተማሪው ተሰብስቦ እንዳይመክር ለመበተን ነው ያሉም ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ግን ተረድተው ነበር፤ ይኸውም አልጋና እንጀራ በተማሪ ላይ የሚሠራ ኃይል መሆኑን ነው።

ዛሬ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጅ ትምህርቱን፥ አልጋውንና ምግቡን ከአንድ ቤት ያገኛል። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ከወጪው የተወሰነውን ተመርቆ ሥራ በያዘ ጊዜ ሊከፍል ይፈርማል። ለምግቡም ብዙ ዓመት በቀን 15 ብር ይታሰብለት ነበር። በዚህ ገንዘብ የተሠራውን ወጥ የቀመሰ ሰው ድሎት ነው አይለውም፤ ነገር ግን ከድኃ ቤት ለመጣ ልጅ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ሳይቀር የሚገኝ ማዕድ ቀላል ነገር አይደለም። ዕገዳ በመጣ ጊዜ ሦስቱ ነገሮች በአንድ ቀን ይሄዳሉ። ተማሪው ፍራሹንና የዶርሙን ቍልፍ ያስረክባል፤ የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ ይመልሳል፤ ክሊራንስ በሚሉት ወረቀት ላይ ከቢሮ ወደ ቢሮ እየሄደ ፊርማ ሲለቅም ይውላል። በዚያ ወረቀት ላይ የማይፈርም ቢሮ የለም ለማለት ያህል ነው፤ ማታ የት ታድራለህ ብሎ የሚጠይቅ ቢሮ ግን ከነርሱ መካከል አይገኝም። ኮሚቴው የቀጣው በትምህርቱ እንደ ሆነ ያስባል፤ ልጁ ግን በመጀመሪያ የሚቀጣው በእራቱ ነው።

ከአርሲ ነገሌ በላይ ካለ መንደር የመጣ ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት ደረሰበት ይባል። ከአዳማ መናኸሪያ ተነሥቶ ሞጆ ሲደርስ መንገዱ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ቆቃን ያልፋል፤ በመቂ እርሱን የሚያክሉ ልጆች የቲማቲምና የሽንኩርት ሣጥን ሲጭኑ ያያል፤ ከዚህ በፊት በዚህ መንገድ ባለፈ ጊዜ አላስተዋላቸውም ነበር፤ አሁን ግን የቀን ሥራው ዋጋ ስንት ይሆን ብሎ ያስባል። በባቱ ሐይቁ በስተ ግራ ይዘረጋል፤ ከዚያ ቡልቡላ፥ ከዚያም ላንጋኖ። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄደ ቀን ይህን መንገድ ያለፈው በአባቱ ምርቃት ነው፤ ጎረቤትም ለስንቁ ሳንቲም አዋጥቶለታል፤ እናቱም በልጇ ስም መጠራት ጀምረዋል። አሁን ወደ ደጃፉ ሲደርስ ምን ብሎ እንደሚገባ መንገዱን ሁሉ ሲያሰላስል ይሄዳል። ዕረፍት ነው ቢል ዕረፍቱ ከሁለት ሳምንት አይበልጥም። አሞኛል ቢል ወደ ጠበል ይወስዱታል። እውነቱንም ቢናገር አባት የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ምን አጠፋህ የሚል ሳይሆን እንግዲህ ይመልሱሃል ወይ የሚል ነው። አንዳንዱ ይህን ፊት ላለማየት ሲል ወደ ቤቱ ፈጽሞ አይሄድም፤ በአዳማ ከሌሎች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ሸክምም ተሸክሞ፥ ሕፃናትንም አስጠንቶ ዓመቱን ይገፋል፤ ቤተ ሰቡም በስልክ ትምህርት እንዴት ነው እያሉ ይጠይቁታል።

የተቀጣ ተማሪ ነገር የተነሣበት ሰው ብዙውን ጊዜ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚለውን ምሳሌ ይጠቅሳል። ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን በዕገዳ ነገር የገመዱን ሌላ ጫፍ የያዙ አባት፥ እናትና ታናናሾች አሉ። ዳግመኛም የሁሉ ገመድ አንድ ልክ አይደለም። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ፈተና በአንድ ስልክ ሲኮርጁ ተይዘው እኩል ለአንድ ዓመት ቢታገዱ፥ እኩል ተፈረደ ይባላል። አንደኛው አባቱ በአዳማ ገበያ ሱቅ ያላቸው እንደ ሆነ በዚያው ማታ ከገዛ አልጋው ላይ ይተኛል፤ ቢሰለቸውም በግል ኮሌጅ ገብቶ ይማራል። ሁለተኛው ግን ላንጋኖን ያቋርጣል። ሦስተኛዋ ሴት ልጅ የሆነች እንደ ሆነ ነገሩ ከዚህም ይጠብቃል፤ ሀያ ዓመት የሞላት ልጅ ከትምህርት ተለይታ አንድ ዓመት በገጠር ቤት ስትቀመጥ የሚመጣው ሽማግሌ ለዕርቅ ሳይሆን ለጋብቻ ነው፤ የተፈረደባት ዓመት አንድ ሲሆን የምታጣው ዕድሜዋን ሁሉ ሊሆን ይችላል።

በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ ያጠፋውን ተማሪ ለጊዜው ከግቢ የማስወጣት ልማድ ጥንታዊ ነው፤ ስሙንም ወደ ገጠር መስደድ ከሚል የላቲን ቃል አወጡለት። ለባለ ርስት ልጅ ወደ ገጠር መሄድ ወደ አባቱ ግቢ፥ ወደ ፈረሱና ወደ አደኑ መመለስ ነበር። ያ ቅጣት ባሕር ተሻግሮ፥ በዩኒቨርሲቲ ሕግ ውስጥ ተጽፎ፥ በስምጥ ሸለቆ ገበሬ ልጅ ላይ በወደቀ ጊዜ ስሙ ሳይለወጥ ክብደቱ ተለወጠ። ይህን ያሰበ ኮሚቴ ከማስጠንቀቂያና ከዕገዳ መካከል ሌላ ደረጃ ለመሥራት አይቸግረውም። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ዳኛ ቅጣቱን በገደብ ሊያቈየው ይችላል፤ ለሌባ የተፈቀደው ገደብ ለኮራጅ የሚነፈግበት ምክንያት አይታይም። የተሰበረውን መስኮት በእጁ የሚያበጅ፥ ለመንፈቅ በየቅዳሜው በቤተ መጻሕፍት የሚያገለግል፥ የኮረጀበትን ትምህርት ከታናናሾቹ ጋር ተቀምጦ እንደገና የሚማር ተማሪ ተቀጥቷል፤ እየበላ ተቀጥቷል። በአደጋ የሚያስፈራውን፥ ሴት ልጅ የደፈረውን፥ ሰው ያቈሰለውን ግን ከግቢው ማራቅ ይገባል፤ በዚህ ላይ ማመንታት ለተበዳዩ ሁለተኛ በደል ነው።

ከክብደቱ ይልቅ ግን የሚቀድመው ነገር መጠየቅ ነው። በ1718 እ.ኤ.አ. የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ቤንትሊ የሚባለውን ታላቅ ሊቅ የዩኒቨርሲቲውን ፍርድ ንቋል ሲል ቀርቦ ሳይሰማ ማዕረጉን ሁሉ ገፈፈው። ቤንትሊ ጠበኛና አስቸጋሪ ሰው ነበረ፤ በዚህ የሚከራከርለት የለም። ነገሩ ወደ ንጉሡ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1723 እ.ኤ.አ. በተፈረደ ጊዜ ግን ማዕረጉ እንዲመለስለት ታዘዘ። ከዳኞቹ አንዱ ፎርቴስኪው የሚባለው በዚያ ቀን የተናገረው ነገር እስከ ዛሬ በሕግ ትምህርት ቤት ይነገራል፤ እግዚአብሔር እንኳ አዳምን ከገነት ሳያስወጣው በፊት ወዴት እንደ ነበረና ከዛፏ በልቶ እንደ ሆነ ጠይቆታል፤ ሔዋንንም ጠይቋታል አለ። የሚጠይቀው ሁሉን የሚያውቅ ሆኖ ሳለ ጠየቀ፤ ሁሉን የማያውቅ ኮሚቴ ሳይጠይቅ ሊያስወጣ እንዴት ይደፍራል። (የአዳማ ስም ከአዳም የመጣ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን አዳሚ ከሚባለው ከቍልቋል ዛፍ የኦሮምኛ ስም የመጣ ነው ይባላል።)

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ከውጭ የመጣ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ዳኛ ሁለቱን ወገን እንዲሰማ ያዛል። በዋርካ ሥር በተቀመጠ ችሎት ተከሳሽ ዘንጉን ይዞ ቆሞ እስኪጨርስ ድረስ ይናገር ነበር፤ «በሕግ አምላክ» ብሎ የቆመውን ሰውም መንገደኛ እንኳ ትቶት አያልፍም ነበር። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ የተጣሉ ሰዎች በሽማግሌዎች ፊት ቀርበው ይሰማሉ፤ ሴቶችም ሲንቄ የሚባለውን በትር ይዘው በመካከል የገቡ እንደ ሆነ ጠቡ ይቆማል። በዚህ አገር ያደገ ተማሪ ከዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ቢያንስ አያቱ በዋርካው ሥር ያገኙትን ያህል ሊያገኝ ይጠብቃል። የሚፈልገውም ብዙ አይደለም። የተከሰሰበት ነገር በጽሑፍና ግልጥ በሆነ ቃል ቢደርሰው፤ ለመልሱ የሚያስብበት ቀን ቢሰጠው፤ የከሰሰው መምህር ወይም ፕሮክተር በዚያው ወንበር ፈራጅ ሆኖ ባይቀመጥበት፤ ምስክሩን ቢሰማ፤ ነገሩም እስኪቈረጥ ድረስ ከአልጋውና ከማዕዱ ባይነሣ ይበቃዋል። የተበደለችውም ልጅ ከበዳይዋ ጋር ፊት ለፊት ሳትቀመጥ ቃሏን የምትሰጥበት ክፍል ያስፈልጋታል፤ ውሳኔውም ለከሳሿ እንደ ደረሰ ለእርስዋም ሊደርሳት ይገባል።

አሜሪካኖች ይህን ወደ ሕግ ያገቡት በብዙ ትግል ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. በአላባማ በሞንትጎመሪ ከተማ የጥቁሮች ኮሌጅ ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለለ በፍርድ ቤቱ ሕንፃ ምግብ ቤት ገብተው አስተናግዱን አሉ። ኮሌጁም 9 ተማሪዎችን አባረረ፤ ምን እንዳጠፉ የሚዘረዝር ክስ አልደረሳቸውም፥ ቀርበውም አልተሰሙም። ነገሩ ወደ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሄዶ በ1961 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን ሳያስታውቅና ሳይሰማ ሊያባርር እንደማይችል ተፈረደ። ከዚህ በኋላ በዚያ አገር የተማሪ ቅጣት ሁሉ በዚህ ፍርድ ይለካ ጀመር። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአላባማ ትምህርት ባለሥልጣን በመዝገባቸው ላይ የነበረውን የመባረር ቃል ሰረዘላቸው። ከተባረሩ 58 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ከአዳማ ስም ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ይገኛል። የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር በተወሰነ ጊዜ ብዙ ሰው ነገሩን ተቃወመ። በጥር 1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የኦሮሞ ተማሪዎች በስድስት ኪሎ ግቢ ድምፃቸውን አሰሙ፤ ከ300 የሚበልጡትም ተያዙ። ከጥቂት ቀን በኋላ ክስ ሳይመሠረትባቸው ተፈቱ። ክስ ያልተገኘበት ሰው ወደ ክፍሉ ይመለሳል ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ነገር ግን ፖሊስ የለቀቃቸውን ዩኒቨርሲቲው አልተቀበላቸውም፤ ብዙዎቹ ታገዱ፥ የተባረሩም ነበሩ። ሦስት መቶ ሰው በአንድነት ሲቀጣ የእያንዳንዱ ጥፋት ለየብቻ ተመርምሯል ማለት የሚቻል አይደለም። ከነርሱ መካከል የጮኸ ይኖራል፤ ከጓደኛው አጠገብ ስለ ቆመ ብቻ የተያዘም ይኖራል፤ ለሁሉም የደረሰው ቃል ግን ያው በሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው አጭር ቃል ነው። ብዙዎቹም ወደ ገጠር የሚወስደውን አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ ከነርሱም የሞጆን መታጠፊያ ያለፈ ነበር።

በሰኔ 1997 ዓ.ም. የክልሉ መቀመጫ ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ ተወሰነ። መሥሪያ ቤቶቹ መዝገባቸውን በሣጥን አድርገው፥ በመኪና ጭነው፥ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ይመለሱ ጀመር። በዚያው ወር የትምህርቱ ዓመት እያለቀ ነበር፤ በጥር 1996 ዓ.ም. ለአንድ ዓመት የታገደ ተማሪ ተመልሶ ቢገባ እንኳ ከእርሱ ጋር የገቡት ጓደኞቹ አንድ ክፍል ቀድመውት ነበር።